የምላጭ ነው ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ፈራሁ

ምን_ይሻለኛል፣ ረቡዕ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት። ስሜን ለምን እንደማልጽፍ ሳይገባችሁ አይቀርም። 27 ዓመቴ ነው፣ ሴት ነኝ፣ እስከ ዛሬ ከጥርስ ሕመም ውጭ ሐኪም ፊት ቀርቤ አላውቅም።

ቅዳሜ ዕለት ተላጨሁ። ምላጩ አዲስ አልነበረም፣ ቸኩዬም ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ በግራ በኩል፣ ከብልቴ ወጣ ብሎ ወደ ብሽሽቴ በሚያደርሰው ቦታ ላይ ያሳክከኝ ጀመር። «ምላጩ ነው» ብዬ ተውኩት። ማታ ላይ ማሳከኩ ወደ መለብለብ ተቀየረ፤ ሳማ የነካኝ ነው የሚመስለው። ሰኞ ጠዋት በመስታወት ሳየው ቀላ ባለ ቆዳ ላይ ችፍ ችፍ ያሉ፣ ውሃ የቋጠሩ አምስት ወይም ስድስት ትናንሽ ነገሮች ተጠጋግተው ወጥተዋል። ማክሰኞ ሁለቱ ፈንድተው ጥሬ ቁስል ሆኑ። ዛሬ ደግሞ በቀኝ በኩል ሦስት አዲስ ጨመሩ።

ሽንቴን ስሸና እንባዬ ነው የሚመጣው። ትናንት ሌሊት አተኮሰኝ፣ ራሴንም ወገቤንም ይፈልጠኝ ነበር። ብሽሽቴ ውስጥ በሁለቱም በኩል ንፍፊት አለ፤ ደረጃ ስወጣ ነው ያወቅኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። ከጓደኛዬ ጋር ሁለት ዓመት ሆኖናል። ለመጨረሻ ጊዜ ከተገናኘን ዛሬ 12ኛ ቀን ነው። ያን ቀን ከንፈሩ ጠርዝ ላይ ሊደርቅ የደረሰ ምች ነበረው። እሱ ሲደክመው ወይም ጉንፋን ሲይዘው ይወጣበታል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው ይላል፣ ማናችንም ከቁም ነገር ቆጥረነው አናውቅም። እና እንዴት ልበላችሁ… በአፉም ጭምር ነበር። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ሰርዤ ነው የጻፍኳት።

«ሄርፒስ» ብዬ ስፈልግ ግማሹ ስለ አልማዝ ባለጭራ ያወራል፣ ግማሹ ደግሞ የሚያስፈራ ፎቶ ነው። የኔ ከፎቶዎቹ አንዱንም አይመስልም። ይሄ የምላጭ ነው ወይስ እሱ? ዓርብ ከሰዓት ነፃ ነኝ፤ ነገ ልውጣ ካልኩ ግን ለአለቃዬ ምክንያት መናገር አለብኝ። እስከ ዓርብ ብጠብቅ ምን ይጎዳል? ሐኪሙስ ምንድን ነው የሚያደርገኝ?


ቶሎ_መላሽ፣ ረቡዕ ማታ

የምላጭ ነው፣ አትጨነቂ። እኔም ወጥቶብኝ ያውቃል። ቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ ካለሽ ለአምስት ቀን ዋጪና ቅባት ቀቢበት። ሐኪም ቤት ሄደሽ ራስሽን አታሳቅቂ።


አሥራ_አንድ_ዓመት፣ ረቡዕ ማታ

ቶሎ_መላሽ፣ ስምህ ልክ ነው፤ መልስህ ግን አይደለም። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። የተረፈ አንቲባዮቲክ ደግሞ ሌላ በሽታ ከሆነ እንኳ አዳፍኖት ሐኪሙን ያሳስተዋል እንጂ አያድናትም።

የኔ እህት፣ ሐኪም አይደለሁም። ከዚህ ነገር ጋር ግን 11 ዓመት ኖሬያለሁ። ያንቺን ጽሑፍ ሳነብ የራሴን የመጀመሪያ ሳምንት ያነበብኩ መሰለኝ። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከመናገሬ በፊት፦ ዓርብን አትጠብቂ። ነገ ጠዋት ሂጂ። ለምን እንደምልሽ በራሴ ልንገርሽ።

ያኔ የመሥሪያ ቤታችን የሂሳብ መዝጊያ ሳምንት ነበር። «ይሄ ሳምንት ይለፍ» አልኩ። እየተንገዳገድኩ ሠራሁ፣ ወንበር ላይ በአንድ ጎኔ ነበር የምቀመጠው፣ አንዷ ባልደረባዬ «ጀርባሽን አመመሽ እንዴ?» ስትለኝ አዎ አልኳት። በዘጠነኛው ቀን ሄድኩ። በዘጠነኛው ቀን ግን ውሃ የቋጠረው ሁሉ ፈንድቶ፣ ቁስሉ ደርቆ፣ ቅርፊት ይዞ ነበር። ያየኝ ሐኪም «ፈንገስ ይመስላል» ብሎ ቅባት ሰጠኝ። ለምኜ ናሙና ተወሰደ፤ ምንም አላሳየም። እኔም «የለብኝም» ብዬ ደስ አለኝ። የደረቀ ቁስል ላይ ቫይረሱ ስለማይገኝ እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም። ከዚያ ከአንድ ዓመት በላይ ያለብኝን ሳላውቅ ኖርኩ። ባውቅ ኖሮ ላላስይዘው የምችል አንድ ሰው ነበረ። እሱን እዚህ አላወራውም።

ናሙናው የሚያዘው ቁስሉ እርጥብ ሳለ ነው። ውሃ የቋጠረ ነገር ወይም ትናንት የፈነዳ ቁስል ላይ ቢወሰድ መልሱ ይታመናል፤ በየቀኑ እየደረቀ በሄደ ቁጥር ግን ባዶ የመውጣት ዕድሉ ይጨምራል። አንቺ ዛሬ የወጡ ሦስት አሉሽ። ነገ ስትሄጂ እነሱን ያግኙ። ስለዚህ አታፍርጫቸው፣ አትቀቢያቸው፣ በአልኮልም አትጥረጊያቸው።

ፎቶውን አታምኚው። እዚያ የሚለጠፈው የከፋው ነው። የኔ ሁለተኛውና ሦስተኛው እንኳ ከመጀመሪያው ጋር አይመሳሰሉም ነበር፤ አንዴ ሦስት ነጥብ ብቻ፣ አንዴ ከቂጤ በታች ጭኔ ላይ ያለች አንዲት ቀይ ቦታ። እኔ በዓይኔ ሳይሆን በስሜቱ ነው የለየሁት። ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አንዳንዴም ሰዓታት ሲቀሩት፣ ከቂጤ እስከ ጭኔ ጀርባ ሽው የሚል ነገር አለ። እንደ ኤሌክትሪክ። ወይም ቆዳዬ ላይ ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኝና እጄን ብልክ ምንም የለም። የመጀመሪያ ጊዜ «ብዙ ስለተቀመጥኩ ነርቬ ነው» ብዬ ነበር። ነርቬ መሆኑስ እውነት ነበር! ቫይረሱ ቆዳ ላይ አይደለም ቤቱ፤ ቁስሉ ሲድን በነርቩ ተጉዞ ከአከርካሪ ግርጌ ያለ የነርቭ ቋጠሮ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ሲነቃ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ቆዳው ላይ ምንም ሳይታይ መንገዱ ላይ የሚሰማሽ ለዚህ ነው።

ስለ አልማዝ ባለጭራ ደግሞ፣ እኔም ተምታቶብኝ ነበር። ያ ሄርፒስ ዞስተር የሚባለው ነው፣ የጉድፍ ቫይረስ ሲነቃ የሚመጣ፣ በአንድ ወገን ብቻ እንደ ቀበቶ የሚሄድ። ዘመዳሞች ናቸው፣ አንድ ግን አይደሉም። ያንቺ በግራም በቀኝም ወጥቷል።

ለዛሬ ሌሊት፦ ስትሸኚ ለብ ያለ ውሃ እያፈሰስሽበት ሽኚ፤ ሽንቱ ይቀጥንና ማቃጠሉ ይቀንሳል። ካስፈለገም ገላ መታጠቢያ ውስጥ ቁጭ ብለሽ። ማቃጠሉን ፈርተሽ ውሃ መጠጣት እንዳትተዪ፤ ሽንት ሲወፍር ነው የሚብሰው። ፓራሲታሞል ውሰጂ። ሰፊ የጥጥ ሱሪ ልበሺ ወይም ያለ ውስጥ ሱሪ ተኚ። ቁስሉን በነካ እጅሽ ዓይንሽን እንዳትነኪ፤ ታጠቢው።

ለአለቃሽ «ትኩሳት አለኝ፣ ሐኪም ቤት ልሂድ» በይ። ውሸት አይደለም።


ጋዋን_ለባሽ፣ ሐሙስ ንጋት

ነርስ ነኝ፤ በአባላዘር ክፍል 9 ዓመት ሠርቻለሁ። በጽሑፍ ምርመራ አይሰጥም፤ ያላየሁትን ቁስል «ይሄ ነው» አልልም። ግን አሥራ_አንድ_ዓመት ያለችው ትክክል ነው፣ ዛሬውኑ መታየት አለብሽ። ምን እያየሁ እንደምለይ ልንገራችሁ፤ ሌላም ሰው ያነበዋልና።

የምላጭ የሆነው ብዙውን ጊዜ መሐሉ ላይ ፀጉር አለው። የተላጨው ቦታ ላይ ሁሉ እዚህም እዚያም የተበተነ ነው፣ ነጭ መግል ይይዛል፣ ሲፈነዳ ይደርቃል፣ ንፍፊትና ትኩሳት አያመጣም። ፀጉር በማይበቅልበት፣ በውስጠኛው እርጥብ ቆዳ ላይ ከወጣ ምላጭን መወንጀሉን ተዉት። ሄርፒስ ይጠጋጋል፤ አንድ ላይ ችፍ ይልና ውሃ ይቋጥራል፣ ሲፈነዳ ጥልቀት የሌለው፣ ሲነኩት የሚያንገበግብ ቁስል ይተዋል። ደረቅ ቆዳ ላይ ቅርፊት ይይዛል፣ እርጥብ ቦታ ላይ ግን ቅርፊት ሳይኖረው ነው የሚድነው። በሴት የማህፀን አንገት ላይም ይወጣል፤ ያኔ የሚታየው ፈሳሽ ብቻ ሊሆን ይችላል። ፊንጢጣ አካባቢም ይወጣል።

ቂጥኝ ሌላ ነው። አንድ ቁስል፣ ጠርዙ ደንደን ያለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የማያም። ሳይታከም በራሱ ይድንና ሰውየው ተገላገልኩ ብሎ ሲተኛ በሽታው በደሙ ውስጥ ይቀጥላል። እኔን የሚያስፈራኝ ያመመው ሰው አይደለም፤ ያመመው ይመጣል። ያላመመው ነው የሚቀረው። ከርክር የሚባለው የአባላዘር ቁስል ደግሞ ያማል፣ ግን ጥልቅ ነው፣ ጠርዙ የተበጣጠሰ፣ መግል የበዛበት፣ ንፍፊቱም አብጦ ሊፈነዳ የሚችል። ፈንገስ ዋና ነገሩ ማሳከክና ነጭ ጓጓላ ፈሳሽ ነው፤ ብዙ ከታከከ ይልጠዋል እንጂ ውሃ አይቋጥርም። እነዚህን በዓይን ብቻ ለይቼ ጨረስኩ የሚል ባለሙያ ካያችሁ ተጠራጠሩት፤ እኔ ራሴ ተሳስቼ አውቃለሁ። ስለዚህ ነው ከቁስሉ ናሙና፣ ከክንድ ደግሞ ደም የሚወሰደው፤ ደሙ ለቂጥኝና ለኤችአይቪ ነው። ኤችአይቪ ሲባል አትደንግጪ። ብልት ላይ ቁስል ያለበትን ሰው ሁሉ እንመረምራለን። ዓይነት 2 ሄርፒስ (በአብዛኛው ብልት ላይ የሚወጣው) ያለበት ሰው ለኤችአይቪ የመጋለጥ ዕድሉ ከሌላው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፤ የቆሰለ ቆዳ የተከፈተ በር ስለሆነ።

ምርመራው፦ ትተኛለሽ፣ በመብራት ይታያል፣ ጫፉ ላይ ጥጥ ያለው ቀጭን ዘንግ ቁስሉ ሥር ለጥቂት ሰከንድ ይታሻል። ያማል፣ አልዋሽሽም፤ ግን ቶሎ ያልፋል። ሴት ባለሙያ እንድታይሽ መጠየቅ ትችያለሽ፣ መብትሽ ነው። ናሙናው ፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልግ የላብራቶሪ ምርመራ) ቢሠራለት ጥሩ ነው፤ ቫይረሱን በተሻለ ይይዛል፣ ዓይነቱንም ይነግርሻል።

መድኃኒት ለመጀመር ግን ውጤቱ እስኪመጣ አይጠበቅም። መልኩ ሄርፒስ ከሆነ ሐኪሙ የዚያኑ ቀን ይጀምርልሻል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተለመደው አሳይክሎቪር 400 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው፤ ወይም ቫላሳይክሎቪር 1 ግራም በቀን ሁለት ጊዜ። ኩላሊቱ የታመመ ሰው መጠኑ ስለሚቀየርበት፣ ይህን እዚህ አንብቦ ራሱ ገዝቶ የሚጀምር አይኑር። በቶሎ ሲጀመር ነው ፍሬ ያለው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፣ ካለፈም አዲስ እየወጣ እስካለ ድረስ ይጀመራል። ክሬሙ ብዙም አይረባም፣ የሚዋጠው ነው። ያልታከመ የመጀመሪያ ቁስል ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሊያስቸግር ይችላል፤ የሚመላለሰው ግን ያጥራል፣ ይቀላልም።

አሁን «ነገ እሄዳለሁ» የማይባልበትን ልናገር። ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ፊኛሽ ሞልቶ እየተሰማሽ ካልወጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ። ይሄ ሕመሙን ፈርቶ መያዝ ብቻ አይደለም፤ ቫይረሱ የፊኛን ነርቭ ነክቶ ሊሆን ይችላል፣ በቱቦ መውጣት አለበት። ራስ ምታቱ ከብዶ አንገት ማጎንበስ ካቃተሽ፣ ብርሃን ካስጠላሽም እንዲሁ። ዓይን ቀልቶ ካመመ ወይም ካደበዘዘም እንዲሁ። እርጉዝ የሆነች ሴት፣ በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት አንድ ቀን አትደር፤ በዚያ ጊዜ የያዛት እናት በወሊድ ወደ ልጇ የማስተላለፍ ዕድሏ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይደርሳል። ቀድሞ የነበረባት ግን ከ1 በመቶ በታች ነው፤ የሚያስፈራው አዲሱ ነው። ኤችአይቪ ያለበት፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ፣ ስቴሮይድ የሚወስድ ሰውም አይጠብቅ፤ እነሱ ላይ ቁስሉ ይሰፋል፣ ይሰነብታልም።

እህቴ፣ አንቺ እርጉዝ ነሽ? ካልሆንሽም ሐኪሙ ይጠይቅሻል፤ የወር አበባሽ የመጨረሻ ቀን መቼ እንደነበር አስታውሰሽ ሂጂ።


ምን_ይሻለኛል፣ ሐሙስ ጠዋት

እርጉዝ አይደለሁም። አስፈቅጃለሁ፣ ተራ እየጠበቅኩ ነው የምጽፈው። እግሬን አንዱን በአንዱ ላይ ማድረግ ስለማልችል ቆሜአለሁ።

ሌሊቱን ያላስተኛኝ ግን ቁስሉ ብቻ አይደለም። ሁለት ዓመት አብረን ነን። እኔ ከሌላ ሰው ጋር አልነበርኩም። ይሄ ነገር ከሆነ ከሌላ ሴት አምጥቶብኛል ማለት ነው? ትናንት ደውዬ ልጮህበት ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።


አሥራ_አንድ_ዓመት፣ ሐሙስ ጠዋት

ስልኩን ማስቀመጥሽ ጥሩ ነው። ራስሽ የጻፍሽውን ተመልሰሽ አንብቢ፦ «ከንፈሩ ጠርዝ ላይ ሊደርቅ የደረሰ ምች»።

ምች የምንለው፣ ከንፈር ላይ የሚወጣው፣ እሱው ነው። ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ዓይነት 1። ልጅ ሆኖ ከእናቱ፣ ከአክስቱ፣ ከሳመው ሰው ሁሉ ይይዘዋል፣ ሲደክመው ይወጣል። ስሙ ሌላ ስለሆነ ብቻ ነው ሌላ በሽታ የመሰለን። አንዱን «ምች ነው፣ ያልፋል» ብለን እንስቃለን፣ ሌላውን ስሙን ለመጥራት እናፍራለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በሠራው ግምት ከ50 ዓመት በታች ካለው የዓለም ሕዝብ 3.8 ቢሊዮኑ ዓይነት 1 አለበት። ዓይነት 2 ያለባቸው ደግሞ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት 520 ሚሊዮን ናቸው። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ፤ ብዙ ሰው አለን።

ከአፍ ወደ ብልት ይተላለፋል። ከተጋለጡ በኋላ ከ2 እስከ 12 ቀን ውስጥ ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው። ያንቺ በዘጠነኛው ቀን ጀመረ። ዓይነት 1 ሆኖ ቢወጣ ሌላ ሴት መፈለግ አያስፈልግሽም።

ዓይነት 2 ቢሆን እንኳ ቀኑን ቆጥረሽ አትፍረጂ። ሰው ተሸክሞት ዓመታት ምልክት ሳያይ ይኖራል፣ ምንም ሳይታይበትም ያስተላልፋል። እኔን ማን እንደሰጠኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። መጀመሪያ አካባቢ በየሌሊቱ እቆጥር ነበር፤ ከዚያ ሰለቸኝ።


የዚፕ_ጭረት፣ ሐሙስ ከሰዓት

ወንድ ነኝ፣ 38 ዓመቴ። ጣልቃ የገባሁት ያንቺን ያህል ግልጽ ያልሆነ እንዳለም እንዲታወቅ ነው። እኔ ውሃ የቋጠረ ነገር አይቼ አላውቅም። ብልቴ ቆዳ ላይ፣ ከመሐል ዝቅ ብሎ፣ የጥፍር ጫፍ የምታክል ስንጥቅ። ትንሽ ትቆጠቁጣለች፣ በአራት ቀን ትጠፋለች። ዚፕ ነው አልኩ፣ ሳሙና ነው አልኩ፣ ሱሪ ቀየርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ!

የነቃሁት በየሁለት በሦስት ወሩ እዚያው ቦታ ላይ እንደሆነ ሳስተውል ነው። ዚፕ ቦታ አይመርጥም። አንድ ቦታ ላይ እየተመላለሰ የሚወጣ ጭረት ጭረት አይደለም። በሚቀጥለው ሲወጣ በዚያው ቀን ሄጄ ናሙና ሰጠሁ፤ ዓይነት 2።

መጀመሪያ ግን ምን አደረግኩ መሰላችሁ? አንድ ክሊኒክ «በደም እናየዋለን» ብለው አይጂኤም የሚባለውን ሠሩልኝ። ውጤቱ አንዴ አለ፣ አንዴ የለም እያለ አደናገረኝ። ጋዋን_ለባሽ፣ ይሄን አስረጂልን።


ጋዋን_ለባሽ፣ ሐሙስ ማታ

አይጂኤም ለሄርፒስ አይሠራም። አዲሱን ከድሮው አይለይም፣ የሌለውንም አለ ይላል። የደም ምርመራ ካስፈለገ ዓይነቱን የሚለየው አይጂጂ ነው፤ እሱም ቢሆን ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል እስኪሠራ 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ስለሚችል፣ ትናንት የታመመ ሰው ዛሬ ደሙ ባዶ ቢል ምንም ማለት አይደለም። ደግሞ ዓይነት 1 በደም ውስጥ ቢገኝ ከንፈር ላይ ይሁን ብልት ላይ ደሙ አይናገርም። ቁስል ካለ ከቁስሉ ውሰዱ። ወደ ደም ምርመራ የምንሄደው ቁስል ሳይኖር ሲቀር ወይም ናሙናው እየከሸፈ ሲያስቸግር ነው።

የዚፕ_ጭረት፣ ታሪክህ የተለመደ ነው። አብዛኛው ሰው ሄርፒስ እንዳለበት የማያውቀው የመጽሐፉን መልክ ስለሚጠብቅ ነው።


ምን_ይሻለኛል፣ ሐሙስ፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ

ተመለስኩ። ለጠፋሁበት ይቅርታ፣ ሁለቱን ቀን ተኝቼ ነበር።

ሴት ሐኪም ነበረች። ዓይታ ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ መቼ ጀመረ፣ ሽንት ይወጣል ወይ፣ ራስ ምታቱ አንገት ይይዛል ወይ። ቅዳሜ ስለመላጨቴ ስነግራት ፈገግ ብላ «ምላጩ በሩን ከፍቶለት ይሆናል፤ የገባው ግን ሌላ ነው» አለችኝ። ናሙናውን ከአዲሶቹ ሦስት አንዱን ፈልጋ ነው የወሰደችው። ጋዋን_ለባሽ ካልሽው በላይ አመመኝ፣ ልንገርሽ። ጥርሴን ነክሼ ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል ቆጠርኩ፤ አራት ናቸው፣ አንዱ አይበራም።

መድኃኒቱን በዚያው ቀን ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን አዲስ መውጣቱ ቆመ፣ ዓርብም ቅዳሜም በለብ ውሃው ነው የሸናሁት፣ እሑድ ግን እንደ ሰው ሸናሁ። ቂጥኝና ኤችአይቪ የለብኝም፤ የኤችአይቪውን ግን ጊዜው ገና ስለሆነ እንደገና ነይ ብላኛለች። ትናንት የናሙናው ውጤት መጣ፦ ዓይነት 1።

ለጓደኛዬ ነገርኩት። መጀመሪያ «እኔ እኮ ንጹሕ ነኝ» አለ። ከንፈርህ ላይ የሚወጣው ነው ስለው ዝም አለ፤ ብዙ ቆይቶ «ምችስ ምች ነው» አለ። ሐኪሟ የሰጠችኝን ወረቀት አነበብኩለት። አሁን ከንፈሩን መቆጥቆጥ ከጀመረው ጊዜ አንስቶ እስኪደርቅና ቆዳው እስኪመለስ ላይስመኝ ተስማምተናል፤ ለሌላውም እንዲሁ። ኮንዶም ይቀንሳል እንጂ ሁሉን አይሸፍንም ብላኛለች፣ የኔ የወጣበትን ቦታ ሳስበው ገባኝ።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ይመላለሳል? ሐኪሟ ለሚቀጥለው ጊዜ የሚሆን ማዘዣ ሰጥታኛለች፤ ሌሊት ላይ ቢጀምረኝ እስኪነጋ ልጠብቅ?


ጋዋን_ለባሽ፣ ሐሙስ ማታ

ዓይነት 1 ብልት ላይ ብዙ አይመላለስም። በመጀመሪያው ዓመት አንዴ ሊመጣ ይችላል፣ ጭራሽ የማይመጣባቸውም አሉ፤ ከዚያ በኋላ እየራቀ ይሄዳል። እንደ መጀመሪያውም አይከፋም፤ ሰውነትሽ አሁን ያውቀዋል። ዓይነት 2 ነው በዓመት አራት አምስት ጊዜ የሚያስቸግረው። በጣም ለሚመላለስባቸው በየቀኑ የሚወሰድ አለ፤ መመላለሱን ከ70 እስከ 80 በመቶ ይቀንሰዋል።

አንድ ነገር ግን፦ የደም ምርመራሽን ቀጠሮ አትርሺ። ደግሞ ወደፊት ስታረግዢ ይሄንን ታሪክ ለሐኪምሽ ንገሪ፤ በመጨረሻው ወር የሚሰጥ መድኃኒት አለ። የተወለደ ሕፃን ያለበት ቤት ስትሄዱ ደግሞ ከንፈሩ ላይ ወጥቶ ከሆነ ጓደኛሽ ሕፃኑን እንዳይስም። ከሁሉ በላይ እሱን ነው ማስረዳት ያለብሽ።


አሥራ_አንድ_ዓመት፣ ሐሙስ ማታ

ለሁለተኛው ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ ይሄኛውን በልምድ ነው የማውቀው። መድኃኒቱን ማዘዣ አድርገሽ አታስቀምጪው፣ አሁኑኑ አውጪውና ቤት ይኑር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጭንሽን ጉንዳን ሲሄድበት ፋርማሲ ዝግ ነው። እኔ አንድ ፍሬ አልጋዬ አጠገብ፣ አንድ ፍሬ ቦርሳዬ ውስጥ አለኝ።

እስኪነጋ አትጠብቂ። ተነሽ፣ በሐኪምሽ ልክ ዋጪ፣ ተመልሰሽ ተኚ። ቶሎ ከቀደምሽው አንዳንዴ ሳይወጣ ይቀራል።


የዚፕ_ጭረት፣ ሐሙስ ማታ

የኔ ጃኬት ኪስ ውስጥ ነው። ባለፈው ወር ከጃኬቱ ጋር አጠብኩት።